ልዋጭ ወይስ ሱቁ? በባሕር ዳር ያገለገለ ልብስ እየሸጠ ስፌት የሚያሰለጥን የበጎ አድራጎት ቤት

በባሕር ዳር ሰፈሮች አሮጌ ልብስ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ልዋጭ ነው። ጠዋት በር ላይ «ልዋጭ!» ሲባል አንድ ጆንያ ልብስ ይወጣል፣ አንድ ማስታጠቢያ ወይም ሁለት የፕላስቲክ ሳህን ይገባል። ከቅዳሜ ገበያ በባጃጅ ብዙ የማይርቀው የበጎ አድራጎት ሱቅ ግን ሳህን አይሰጥም። ልብስ የሚሰጥ ሰው ልብሱ የት እንደሚደርስ፣ የሚገዛ ደግሞ ከሳልባጅ ተራ ምን የተሻለ እንደሚያገኝ ማወቅ ይፈልጋል።

አሠራሩ የቆየ ነው። አሜሪካ ያለው ጉድዊል በ1902 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ ሲጀመር፣ ቄስ ኤድጋር ሄልምስ ከባለጸጎች ሰፈር ያገለገለ ልብስና ዕቃ እየሰበሰበ ሥራ ያጡ ሰዎችን ያስጠግን፣ ከሽያጩም ይከፍላቸው ነበር። የባሕር ዳሩ ቤት ሐሳቡ ያው ነው፤ የሚለየው ዕቃው የሚመጣበት መንገድ ነው። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ከውጭ ማስገባት በኢትዮጵያ ክልክል ስለሆነ እዚህ ቦንዳ አይፈታም፤ የሚሸጠው የከተማው ሰው የሰጠው ብቻ ነው። ስለዚህ መደርደሪያው አንድ ሳምንት ይጨናነቃል፣ በሌላው ሳምንት የሕፃን ካልሲና የድሮ ከረባት ብቻ ይቀረዋል። የሚፈልጉትን ልብስ አስቀድመው ወስነው ከሄዱ ተናደው ይመለሳሉ።

ዋጋው ተጽፎ የተለጠፈ ነው፣ ክርክር የለም። ልብሱ ላይ የታሰረው የክር ቀለም የገባበትን ወር ይናገራል፤ ሳይሸጥ የቆየው ቀለም በየሳምንቱ ይቀነስለታል። አሠራሩ ጥሩ ሆኖ አንድ ቀዳዳ አለው፦ ቅናሹ የሚጀምርበትን ጠዋት የሚያውቁ ቸርቻሪዎች ጃኬቱንና ጂንሱን ጠራርገው ይወስዱና ቅዳሜ ገበያ ላይ በእጥፍ ያወጡታል። ለአንድ ሰው የሚሸጠውን ቁጥር መወሰን ይቻል ነበር፤ እስካሁን አልተደረገም።

ምን ይገዛል? ካፖርት፣ ሹራብ፣ የወንድ ሸሚዝና የተጠገነ ጂንስ። ቲሸርት ከመግዛትዎ በፊት ስፌቱን በሁለት እጅ ይለጥጡት። የሚለጠጥ ጨርቅ ድቡልቡል ጫፍ ያለው መርፌ ይፈልጋል፤ በተራው መርፌ ሲሰፋ ጉንጉኑን ይበጥሰዋል፣ ከሁለት እጥበት በኋላም በስፌቱ ዙሪያ ትናንሽ ቀዳዳዎች ይወጣሉ። ነጭ ልብስ ከሆነ ደረቱን ወደ ብርሃን አድርገው ይዩ፤ መብራት ሲጠፋ የሚተኮሰው በከሰል ካውያ ስለሆነ አልፎ አልፎ ፍም ያረፈበት ነጥብ አይጠፋም። በክረምት የገባ ልብስ ሻጋታ ሻጋታ ከሸተተ፣ አንድ እጅ አቼቶ በአራት እጅ ቀዝቃዛ ውኃ ቀላቅሎ ለግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ከዚያ በሳሙና አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ይበቃዋል። ጫማ ላይ ግን አይድከሙ። ሶሉ ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ የደረቀ ብዙ ነው፤ ጣትዎን ሲጫኑት ከተፈረፈረ ሙጫ አይዘውም።

የቤቱ ዋና ነገር ያለው ከመጋረጃው ኋላ ነው። ስምንት በእግር የሚሠራ የስፌት መኪና፣ ሁለት የኤሌክትሪክ፣ አንድ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚቋጭ መኪና)። የእግሩ መብዛቱ ኋላ ቀርነት የሚመስለው ይኖራል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ግን ትክክለኛው ምርጫ ነው፤ ሰልጣኝ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። የመጀመሪያው ሳምንት ስፌት የለበትም። መኪናውን መፍታት፣ ከመርፌው ሰሌዳ ሥር የተጠራቀመውን የጨርቅ ብናኝ በብሩሽ መጥረግ፣ በስፌት መኪና ዘይት (በምግብ ዘይት አይደለም፤ ይጣበቃል) ማለስለስ፣ የላላ ቀበቶ ማሳጠር ይማራሉ። ከስፌቱ ሥር ክር ሲጎነጎን ጀማሪ ሁሉ የታችኛውን ክር ይወነጅላል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የላይኛው ነው፣ ወይ ላልቷል ወይ በመንገዱ አልገባም።

ቀጥሎ ከሐይቁ ዳር ሆቴሎች የሚመጣ ያረጀ አንሶላ ይሰጣቸዋል። አንሶላው ላይ በጠመኔ መስመር አስምረው ቀጥ አድርገው መስፋት ይለማመዳሉ። ከዚያ ጂንስ ማሳጠር ይመጣል፣ እዚህ ላይ የአሰልጣኟ ጥንቃቄ ይታያል። የጂንስ የእግር ስፌት ተጣጥፎ የተሰፋ ሲሆን ራሱ አራት ድርብ ነው፤ ጠርዙ ሁለቴ ሲታጠፍ መርፌው አሥራ ሁለት ድርብ ይገጥመዋል። በ14 ቁጥር መርፌ በፍጥነት የገባ ሰልጣኝ እዚያው ይሰብረዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ 16 ቁጥር መርፌ፣ ጉብታውን በመዶሻ ቀጥቅጦ ማሳሳት፣ ጨርቁን ከላይ ከሚጫነው የመኪናው ብረት ኋላ የታጠፈ ጨርቅ አስገብቶ ማስተካከል፣ ጉብታው ላይ ሲደርሱ እግርን ከፔዳሉ አንስቶ መንኮራኩሩን በእጅ ማዞር። ሱቁ ውስጥ የተሰቀለ ጂንስ እግሩን ገልብጠው ቢያዩ ጉብታው ላይ ስፌት የዘለለበት አያገኙም። ሳልባጅ ተራ ከሚያሳጥሩት ብዙዎቹ ይህን አያደርጉም።

ዚፕም እንደዚሁ። ጥርሱ ደህና ሆኖ ከተዘጋ በኋላ መልሶ የሚከፈት ዚፕ አይቀየርም፤ የላላውን መሳቢያ በፒንሳ ከሁለት ጎኑ ቀስ ብሎ መጫን ይበቃል። ከሚገባው ኃይል ካለፉ ይሰነጠቃል፤ ያኔ ሙሉ ዚፕ መግዛት ነው። የድሮ የሐበሻ ቀሚስ ሲመጣ ሸማው ቢሳሳም ጥለቱ ጤነኛ ይሆናል፤ ፈትተው ትራስ ልብስ ላይ በእጅ መርፌ ይሰፉታል። በእጅ የሚሆነው መኪና ሸማውን ስለሚኮማትረው ነው። ለእንግዳ ከሚገዛው የመታሰቢያ ዕቃ ይህ ትራስ ይበልጣል፣ ዋጋውም ይመጥናል።

አሁን ወደ ድክመቱ። ጥገና ልብስ እንዴት እንደተሠራ በመፍታት ያስተምራል፤ ኮሌታ የፈታ ሰው ገበሩ የት እንደሚገባ አይረሳም። ከአዲስ ጨርቅ መለካትንና መቅደድን ግን አያስተምርም። ሰልጣኞቹ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ሲፈተኑ፣ ወይም ኋላ ላይ የራሳቸውን ልብስ ስፌት ቤት ሲከፍቱ፣ ደንበኛ ሦስት ሜትር ጨርቅ ይዞ ይመጣል እንጂ ያረጀ ጂንስ ብቻ አያመጣም። በስልጠናው ውስጥ ለፓተርን (ጨርቅ የሚቀደድበት የልብስ ንድፍ) የተመደበው ጊዜ ጥቂት ነው፣ የጨርቅ መቅደጃ ጠረጴዛውም አንድ ብቻ። ከተማዋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ትምህርት ያለው ዩኒቨርሲቲም ያላት ናት። ከዚያ ቁራጭ ጨርቅና ለተግባር ልምምድ የሚወጡ ተማሪዎች መለመን አያሳፍርም፤ ክፍተቱን ይሞላዋል።

ሌላው ቅሬታ የሰልጣኝ ጊዜ ነው። ልብስ በሚበዛበት ሰሞን፣ በተለይ ከፋሲካና ከአዲስ ዓመት በፊት፣ ከመኪና ተነሥተው ልብስ እንዲለዩ ይደረጋል። መለየትም ሙያ ነው፣ ግን ሁለት ቀን ይበቃዋል። ሊመዘገብ የሚያስብ ሰው «በሳምንት ስንት ሰዓት መኪና ላይ እቀመጣለሁ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ምዝገባ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ ሳትሸሽ ትመልሳለች።

በነሐሴና በጳጉሜን የተማሪ ዩኒፎርም ጥገና በነጻ ነው። ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ ከውስጥ ተጥፎ፣ የተረፈ እጥፋት ካለው ረዝሞ ይመለሳል። ከነሐሴ አጋማሽ በፊት ማድረስ ነው፤ ጳጉሜን ላይ ሰልፉ ከበሩ ይወጣል። ከፎጣና ከአንሶላ የሚሰፋ ታጥቦ የሚደገም የወር አበባ መጠበቂያም ለትምህርት ቤቶች ይሰጣሉ። ስፌቱ ጠንካራ ነው፣ ፎጣው ግን ወፍራም ስለሆነ በክረምት ቶሎ አይደርቅም፤ ፎጣውን ተነጥሎ የሚወጣ አድርገው ቢሰፉት ችግሩ ይቃለል ነበር።

ለመስጠት ሲሄዱ ልብሱ ታጥቦና ደርቆ ይሁን። አንድ እርጥብ ሹራብ ሙሉ ጆንያውን ያሻግታል። የተቀደደና ዚፑ የሄደ ይወስዳሉ፣ እንዲያውም ይፈልጉታል፣ መማሪያ ነው። ቁልፉን ነቅለው አያስቀሩ። ላስቲኩ የሞተ የውስጥ ልብስና ሶሉ የተፈረፈረ ጫማ አይቀበሉም፤ ማስታጠቢያ ከፈለጉ እሱን ለልዋጭ ይሞክሩት።