የኋላ ቸርኬን ባለ አንድ ማርሽ ለማድረግ፦ ያለውን ማስተካከል ወይስ ሙሉ ቸርኬ መግዛት?

ደብረ ብርሃን ላይ ብስክሌቱን ባለ አንድ ማርሽ ለማድረግ ያሰበ ሰው ዕቃ ፍለጋ ከመውጣቱ በፊት የኋላውን ሞዞ (የቸርኬውን መሃል እምብርት) አገላብጦ ይመልከት።

ያለውን ማስተካከል፦ ወጪው ትንሽ ነው፤ ጥርሶቹ (ካቴናው የሚያርፍባቸው ጥርሳም ክቦች) ከሞዞው ላይ ተንሸራተው የሚወጡ ከሆነ አንዱን ብቻ አስቀርቶ ክፍተቱን ከአሮጌ ማርሽ በተፈቱ ቀለበቶች መሙላት ይቻላል። አድካሚው አሰላለፉ ነው፤ የኋላው ጥርስ ከፊተኛው ጋር ካልተስተካከለ ካቴናው ዳገት ላይ ይወልቃል። አንዲት ቀጭን ቀለበት ከውስጥ ወደ ውጭ በማዛወር ብቻ የካቴናውን መንቋቋት ያስወገድኩበት ጊዜ አለ።

ሙሉ ቸርኬ መግዛት፦ መግጠሙ ይቀላል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ባለ አንድ ማርሽ ሞዞዎች ስፋታቸው 110 ወይም 120 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የተራራ ብስክሌት የኋላ ክፍተት (ሞዞው የሚገባበት) በአብዛኛው 135 ስለሆነ ሳይለኩ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ቸርኬው ካልተጣመመ ማስተካከሉን እመርጣለሁ፤ ሞዞው ለተበላበት ግን አዲሱ ይሻላል። ወደ ጣርማ በር ዳገት የሚወጣ ሰው በሁለቱም መንገድ ከኋላ ትልቅ ጥርስ ይምረጥ።