ፈሳሹ ይመስገን፣ ጠርሙሱ ይወቀስ

ይህ በእጄ የሠራሁት አራተኛ ቢላ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ወልውዬ ነጭ አድርጌ ነበር የተውኳቸው። ሲያልቁ ፊት ያሳያሉ፤ ወር ሳይሞላቸው ግን እዚህም እዚያም ዝገት ነጠብጣብ ጣለባቸው። ቢላዎቹ የተሠሩበት ካርበን ስቲል (የሚዝገው ዓይነት ብረት) እርጥበት አይወድም። እናም ዝገቱን እንዲያዘገይለት አራተኛውን ላጠቁረው ብዬ አንድ ሊትር ፌሪክ ክሎራይድ ገዛሁ። የኤሌክትሮኒክስ ሠራተኞች ከሰርኪዩት ቦርድ ላይ መዳብ የሚያስበሉበት ፈሳሽ ነው፤ መልኩ አዮዲን ይመስላል።

ከጠርሙሱ ልጀምር፣ ምክንያቱም ተናድጃለሁ። ክዳኑ አይገጥምም። መሣቢያ ውስጥ ከሞረዶቼ ጋር አስቀምጬው በሳምንቱ ስከፍት ሁለቱ ሞረዶች ብርቱካናማ ሆነዋል። አንዲት ጠብታ አልነካቸውም፤ ትነቱ ብቻ በቃቸው።

ሁለተኛው ጥፋት መመሪያው ነው። «ሳይበረዝ ለ30 ደቂቃ ይንከሩ» ይላል። ለመዳብ ይሆን ይሆናል። እኔ ደግነቱ መጀመሪያ በቁራጭ ብረት ሞከርኩት፤ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መስሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሦስት እጅ የባትሪ ውሃ (የተጣራውን ንጹህ ውሃ እንጂ የባትሪ አሲድ አይደለም)፣ አንድ እጅ ፌሪክ ክሎራይድ አድርጌ በረዝኩት፤ ከዚህ በኋላ አሲድ የምለው እሱን ነው። አሲዱ ወደ ውሃው ነው የሚፈሰው፤ ሲቀላቀል ስለሚሞቅ በተቃራኒው እንዳትሞክሩት። ዕቃው ላስቲክ ወይም ጠርሙስ ይሁን። የብረት ጣሳ ብትጠቀሙ ጣሳውም አብሮ ይበላል።

በዚህ ልክ ሲበረዝ ግን ፈሳሹ ጎበዝ ነው። የተበላሸው ሁሉ በእኔ እጅ ነው የተበላሸው። በ220 ብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል) የጀመርኩትን ቢላ በ400 እና በ600 ማለፍ ሲገባኝ ሰነፍኩና በቀጥታ ወደ 800 ዘለልኩ። በዓይኔ ለስልሶ ነበር። አሲድ ግን ጭረት አይሸፍንም፣ ያጋልጣል። የ220ው መስመሮች አንድ በአንድ ተመልሰው ወጡ። ያም አልበቃ ብሎ በአሴቶን ካጸዳሁት በኋላ ክር ሳስርለት በባዶ እጄ ያዝኩት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሳወጣው ሁሉም ጠቁሯል፣ እጀታው አጠገብ ግን የአውራ ጣቴ አሻራ ከነመስመሩ ቁልጭ ብሎ አበራ። የጣት ቅባት ስላለበት አሲዱ እዚያ ቦታ ላይ አልሠራም። እንደገና ወደ ብርጭቆ ወረቀት!

በሁለተኛው ዙር ጓንት አደረግሁ። ነከርኩ፣ በአምስት ደቂቃ አወጣሁ። ላዩ ላይ በጣት ሲነካ የሚለቅ ጥላሸት የመሰለ ነገር ይዟል። እሱን በውሃ በራሰ የ2000 ወረቀት ቀስ ብሎ ማንሳት፣ ከዚያ መልሶ መንከር። አራቴ እንዲህ አደረግሁ። በመጨረሻ የዝናብ ደመና ዓይነት ጥቁር ግራጫ ሆነ። እንደ ከሰል የጠቆረው ቢላ ያለው ጠርሙሱ ላይ በተለጠፈው ፎቶ ላይ ብቻ ነው። እኔ ወደዚያ የተጠጋሁት አሲዱን ካጠብኩ በኋላ በጣም ወፍራም አድርጌ በበጠበጥኩት የሚሟሟ ቡና ውስጥ ሌሊቱን ሳሳድረው ነው። ያስቃል፣ ግን ይሠራል።

ከአሲዱ ሲወጣ ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ማስገባት ግዴታ ነው። አረፋ ይላል፤ አረፋው እስኪያቆም ጠብቁ። ከዚያ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ወዲያው ዘይት መቀባት። እኔ እጀታው ሥር ያለውን ስንጥቅ ረስቼው በማግስቱ ጠዋት ዝገት አገኘሁበት። ስለቱም ይደንዛል፣ ስለዚህ መሳሉን ለመጨረሻ አቆዩት። በነገራችን ላይ ከሁሉም የወደድኩት ይቺን ሰዓት ነው። ድንጋዩ ላይ ሁለት ሦስቴ ሲመላለስ ከጥቁሩ በታች እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ መስመር ይወጣል።

ጥቁሩ ቢላውን ከዝገት ነፃ አያወጣውም፣ ያዘገይለታል እንጂ፤ ዘይቱ አይቀርም። የማይዝግ ብረት ያላችሁ ደግሞ ይለፋችሁ። ውስጡ ያለው ክሮሚየም የሚባል ብረት መጥቆሩን እምቢ ይላል፣ ክሎራይዱም እዚህም እዚያም ጉድጓድ ይቆፍርበታል። ሁለት ዓይነት ብረት ደርባችሁ ለምትቀጠቅጡ ግን ሁነኛ ነገር ነው፤ ኒኬል ያለበት ንጣፍ ነጭ ሆኖ ሲቀር ሌላው ይጠቁራል፣ መስመሩም ይወጣል።

የተጠቀምኩበትን አልደፋሁትም። አጥልዬ መልሼ ያዝኩት፣ ከዚያ ወዲህም ሁለት ቢላ አጥቁሮልኛል። የእቃ ማጠቢያ ቧንቧ ውስጥ እንዳትደፉት፤ ቧንቧው ብረት ከሆነ እሱንም ይጀምረዋል።

ሲያልቅብኝ ይህንኑ ፈሳሽ መልሼ እገዛለሁ። እቤት እንደደረሰ ግን ክዳኑ በደንብ ወደሚገጥም ሌላ ጠርሙስ ይገለበጣል፣ ጠርሙሱም ከሞረዶቼ ርቆ ውጭ ያድራል።