«ካርቦን ነው» የሚባል ትራይፖድ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ገና ከሱቁ መውጣቴ ነው፣ ንዴቱም አልበረደልኝም። ካሜራ ተሸክማችሁ ተራራ የምትወጡ ሁሉ አንብቡልኝ።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ገና ስትገቡ «ወንድሜ» ብሎ የሚቀበለው፣ ካሜራችሁን አይቶ «አንተማ ፕሮፌሽናል ነህ» የሚለው። ለእግር ጉዞ የሚሆን ቀላል ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ስለው ቶሎ አወጣልኝ። «ኦርጅናል ካርቦን ፋይበር ነው። 1.2 ኪሎ ብቻ! 8 ኪሎ ይሸከማል!» አለኝ። እግሮቹ ላይ ያ እንደ ሽመና የተጠላለፈው ጥቁር መልክ አለ። ዋስትናም አለው ተባልኩ።

ካርቦን ፋይበር፣ ማለትም ከካርቦን ክሮች የሚሠራው ጠንካራ ቁስ፣ በመጠን ከሚመስለው አሉሚኒየም ይቀላል። ንዝረት ቶሎ ያበርዳል፣ በብርድ ጠዋት ሲይዙትም እጅ አያደነዝዝም። ቀኑን ሙሉ ዳገት ለሚወጣ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ብሬን ያወጣሁት ለዚህ ነው።

ጎህ ሲቀድ ገደል አፋፍ ላይ ዘረጋሁት። ካሜራውን ከማሰሬ አንዱ እግር ቀስ እያለ ወደ ውስጥ መግባት ጀመረ። አጠበቅኩት፤ ደግሞ ገባ። ካሜራዬን የቀለብኩት አየር ላይ ነው። ትራይፖዱ ግን ድንጋይ ላይ ወድቆ ተፋቀ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ጥቁሩ ነገር እንደ ስቲከር ተልጧል። ከስሩ የሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም! ቤት ስመዝነው ደግሞ ወደ 2 ኪሎ ተጠጋ።

ዛሬ ይዤው ሄድኩና የተላጠውን ቦታ አሳየሁት። ቀና ብሎ እንኳን አላየም። ስልኩን እየነካካ «ካርቦን ያልኩህ እኮ ዲዛይኑን ነው» አለኝ። ከዚያ ባዶ ካርቶን ከመደርደሪያ አወረደ፣ ገለበጠው፣ ከታች በደቃቅ ፊደል «የካርቦን ዲዛይን» የሚለው ላይ ጣቱን አሳረፈ። ፈልጎ እንኳን አላገኘውም፤ ጣቱ በቀጥታ ነው የሄደው። የት እንዳለ ያውቃል! ስንቱን ሰው እንዲህ እንደሸኘ አስቡት።

ስለሚንሸራተተው እግር ስነግረው ትራይፖዱን አቁሞ በመዳፉ ጫን አደረገውና «ይኸው ቆመ፤ አጠቃቀሙን አታውቅበትም» አለኝ። አጠገቡ ያለው ልጅ ሳቀብኝ። ዋስትናውስ? «የተፋቀ ዕቃ አንመልስም።» ካሜራዬ ገደል ቢገባ ኖሮም መልሱ ይኸው ነበር።

ስትገዙ ከነጭንቅላቱ (ካሜራው ከሚታሰርበት የላይኛው ክፍል ጋር) አስመዝኑት፤ የሚነግሯችሁ ክብደት የእግሩ ብቻ ሊሆን ይችላል። እግሮቹን እስከ መጨረሻ ዘርግታችሁ ከላይ በደንብ ተጫኑት። የታችኛው ጎማ የሚወልቅ ከሆነ አውልቁና የቱቦውን ጠርዝ እዩ፤ እውነተኛ ካርቦን ውስጡም ጥቁር ነው። ደረሰኙ ላይ «ካርቦን ፋይበር» ብሎ አልጽፍም ካለ ጥላችሁት ውጡ።