ኪሊማንጃሮ ለመውጣት ያሰባችሁ፣ ሻንጣ ከመሸከፋችሁ በፊት ይቺን እህታችንን አናግሯት

ይህን የምጽፈው አንዲት እህታችንን በአደባባይ ለማመስገን ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የኢንሹራንስ ሥራ የምትሠራ ሐበሻ ናት። "ስሜን እንዳትለጥፍ" ስላለችኝ አልጽፈውም። አንዳንዶቻችሁ በመኪና ወይም በቤት ኢንሹራንስ ታውቋት ይሆናል። እኛን የታደገችን ግን በጉዞ ኢንሹራንስ ነው፣ ያውም ለኪሊማንጃሮ።

ቡድናችን ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የተሰባሰበ ነው። ዘመድም ጓደኛም አለበት። በዕድሜ የሚበልጠን ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ወንድም ጋሼ የምንለው። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል፣ ሐኪሙ ግን መርምሮት "መሄድ ትችላለህ" ብሎታል። የጉዞ አዘጋጁ ድርጅት ደግሞ እስከ 6,000 ሜትር የሚሸፍን ኢንሹራንስ የሌለው ሰው አልወስድም አለን። ልክ ነው፣ ኡሁሩ የሚባለው የኪሊማንጃሮ ጫፍ 5,895 ሜትር ነው።

አብዛኛው ሰው ይሄን ሲሰማ "ኢንሹራንስማ አለኝ" ይላል። አንዱ በክሬዲት ካርዱ ይተማመናል፣ ሌላው በመሥሪያ ቤቱ የሕክምና ኢንሹራንስ፣ ሌላው ከአየር ትኬቱ ጋር ምልክት አድርጎ በገዛት። እሷ ግን ማንንም በቃሉ አላመነችም። "ወረቀቱን አምጡና አብረን እናንብበው" አለች።

ቢሮዋ ስንገባ መጀመሪያ የጠየቀችን ስለ መንገዱ ነው። ማቻሜ በሚባለው መንገድ ነው የምንወጣው አልናት። ወደ ጫፉ ከመነሳታችሁ በፊት የምታርፉት የት ነው፣ ስንት ሜትር ላይ? ባራፉ፣ ከ4,600 ሜትር በላይ። ጻፈችው። ከዚያ የአንዱን ጓደኛችንን የክሬዲት ካርድ ውል ኮምፒውተሯ ላይ ከፍታ የፊተኞቹን ገጾች ሁሉ ዘለለችና የማይሸፈኑ ነገሮች የተዘረዘሩበት ቦታ ላይ ቆመች። አተመችውና አንዷን መስመር በቢጫ ቀለም አሰመረችባት። መስመሯ "ገመድ ወይም መሪ የሚያስፈልገው ተራራ መውጣት" አይሸፈንም ትላለች።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጠለፈው። በተለመዱት መንገዶች ኪሊማንጃሮ ገመድ አይፈልግም፣ በእግር ነው የሚወጣው። መሪ ግን ግዴታ ነው፣ ፈቃድ ያለው መሪ ሳይይዙ መውጣት አይቻልም። ስለዚህ "እኔ እኮ የእግር ጉዞ ነው የሄድኩት" ብትሉም፣ ውሉ ላይ "መሪ" የምትለው ቃል ካለች ኩባንያው እሷን ይዞ ሊከራከራችሁ ይችላል። እሷ በግምት አልተወችውም። የተራራውን ስም፣ ከፍታውን፣ መንገዱን፣ መሪ መኖሩንም ዘርዝራ ለኩባንያዎች በኢሜይል ጻፈች። አንደኛው አንሸፍንም አለ። ሌላው ተጨማሪ የስፖርት ሽፋን ከተገዛ እስከ 6,000 ሜትር እንሸፍናለን ብሎ በጽሁፍ መለሰ። ያንን መልስ አትማ ለእያንዳንዳችን ከፖሊሲያችን ጋር በስቴፕለር አያያዘችልን። በስልክ "አዎ ይሸፍናል" ከተባላችሁ ያንን በቂ አታድርጉት፣ በጽሁፍ ይላኩላችሁ።

የከፍታ ገደብ ነገር እንደየኩባንያው ነው። 2,500 ሜትር ላይ የሚያቆም አለ፣ 3,000 ላይ የሚያቆም አለ፣ 4,500 ድረስ የሚሄድም አለ። ከፍታን ጨርሶ ሳይጠቅስ ተራራ መውጣትን በደፈናው የሚያስቀርም አለ። ኤቨረስት ቤዝ ካምፕ የሚሄዱ ልጆችም ይሄን ይስሙ፣ ቤዝ ካምፑ ራሱ 5,364 ሜትር ነው።

ከመካከላችን "እኛ የደጋ ልጆች አይደለንም እንዴ" ያለ ነበር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፣ እንጦጦ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ለዓመታት ሜሪላንድ የኖረ ሰው ሰውነት ያን ልምድ ይዞ አይቆይም። የከፍታ ሕመም ደግሞ ጎበዝና ሰነፍ አይለይም፣ ስፖርተኛውንም ይጥላል። ይሄን ለጓደኛችን የነገረችው እሷ ናት፣ በጨዋ ደንብ፣ ሳታሳፍረው።

የወንድም ጋሼን የደም ግፊት በተመለከተ ያደረገችው ደግሞ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የጉዞ ኢንሹራንሶች ነባር በሽታን አይሸፍኑም፣ ነገር ግን ለጉዞው የመጀመሪያውን ቀብድ ከከፈላችሁ በኋላ ባሉት 14 ወይም 21 ቀናት ውስጥ ከገዛችሁ ገደቡን የሚያነሱ አሉ። ቀኑ እንደየኩባንያው ይለያያል። ቀብዱን የከፈለበትን ደረሰኝ አስመጣችው፣ ቀኑን ቆጠረች፣ በዚያው ቀን ፈረመ። ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የሕክምና ኢንሹራንስ) ያላችሁ አባቶችና እናቶችም እወቁት፣ ሜዲኬር ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም።

ሌላው ሄሊኮፕተር ነው። ከፓርኩ ክፍያ ውስጥ 20 ዶላር የነፍስ አድን የሚባል አለ። እሱ በእግርና በቃሬዛ ለማውረድ ነው፣ ሄሊኮፕተር የለበትም። ኢንሹራንሱ ደግሞ ለሄሊኮፕተር የሚከፍለው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ተደውሎለት ሲፈቅድ ነው። ጥብቅ የሆኑበት ምክንያትም አላቸው፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ኔፓል ውስጥ ሳያስፈልግ ቱሪስት በሄሊኮፕተር እያወረዱ ኢንሹራንስ የሚያስከፍሉ ሰዎች ጉዳይ መንግሥት እስኪመረምረው ድረስ ደርሶ ነበር። ስለዚህ "መጀመሪያ ለዚህ ቁጥር ደውሉ" ብላ የኢንሹራንሱን የስልክ ቁጥር በካርድ ጽፋ ላስቲክ ለበጠችልን። አንዷን ለእኔ፣ አንዷን ለመሪያችን።

ካርዷ ሥራ ላይ ዋለች። ባራፉ እራት ላይ ወንድም ጋሼ ምግብ ገፋ። ራሱን እንደሚያመው ነገረን። ሊነሳ ሲል እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደ፣ ሲያስል ደግሞ ደረቱ ውስጥ የሚንኮራኮር ድምፅ ይሰማል። መሪያችን በጣት የሚለካውን የኦክስጅን መለኪያ አደረገለትና ሳያመነታ "አሁኑኑ ይወርዳል" አለ። ለከፍታ ሕመም ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው፣ እስኪነጋ አይጠበቅም። ሌሊት ሄሊኮፕተር አይታሰብም። ተሸካሚዎቹ ባለ አንድ ጎማዋን ቃሬዛ አምጥተው በጨለማ ወደ ሚሌኒየም ካምፕ ማውረድ ጀመሩ። እነዚያን ልጆችም እግዜር ይስጣቸው፣ ያን ድንጋያማ ቁልቁለት በራስ መብራት ነው የወረዱት።

እኔ በካርዱ ላይ ላለው ቁጥር ደወልኩ። ቀጥዬ ለእሷ ደወልኩላት። እኛ ጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፏል፣ እዚያ ቀን ነው። የሥራ ሰዓቷ ላይ ነበረች፣ ሌላ ደንበኛ ፊቷ ተቀምጦ ሳለ ይቅርታ ጠይቃው አነጋገረችኝ። የጉዳዩን ቁጥር ተቀበለችኝና በእሷ በኩል ኩባንያውን መወትወት ያዘች። በማግስቱ በተራራው ግርጌ ባለችው ሞሺ ከተማ ሆስፒታል ስንደርስ የክፍያ ዋስትና ደብዳቤው ቀድሞን ደርሷል። ሳንባው ውስጥ ውሃ መቋጠር ጀምሮ ነበር። ተኝቶ ታከመ፣ ዳነ፣ ዛሬ ደህና ነው። ተመስገን።

ወጪያችንን ለማስመለስ ፎርም ስንልክ ግን ነገሩ ቆመ። የኩባንያው ሰው "በሽተኛው የታመመው በፈረንጅ አቆጣጠር ሌሊት 2 ሰዓት ከሆነ፣ እንዴት ከዚያ ብዙ ሰዓት በፊት ደወላችሁ?" ብሎ ጠየቀ። ግራ ገባኝ። ወረቀቱን ስልክላት ወዲያው ገባት። መሪያችን ሪፖርቱን የጻፈው በስዋሂሊ ሰዓት ነው፣ ስዋሂሊዎችም እንደኛው ነው የሚቆጥሩት፣ የምሽቱ 2 ሰዓት ፈረንጅ 8 የሚለው ነው። ለጉዞ ድርጅቱ ጻፈች፣ ሰዓቱ የታረመበት ደብዳቤ ማኅተም ተደርጎበት መጣ፣ ገንዘቡም ተከፈለ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄን በምን ያውቀው ነበር?

የማትሸጠውንም ልንገራችሁ። ከተራራው በኋላ ዛንዚባር ላይ ሊቀላቀሉን የነበሩ ባልና ሚስት የከፍታውን ሽፋን ሊገዙ ሲሉ "ለእናንተ አያስፈልግም" ብላ መልሳቸዋለች። ዛንዚባር ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚገቡ የውጭ ጎብኚዎች የራሷ አስገዳጅ ኢንሹራንስ አላት፣ 44 ዶላር ነው፣ እሱን እንዲከፍሉ ሊንኩን ላከችላቸው። ለእኛ ደግሞ ያ 44 ዶላር ኪሊማንጃሮ ላይ እንደማይሠራ አስረዳችን። ኮሚሽን ቀርቶባት እውነቱን የምትናገር ሰው ናት።

አገር ቤት ለእረፍት ሄዳችሁ ስሜን ተራሮችን ለማየት ያሰባችሁም አናግሯት። ሳንቃበር ድንኳን የተከለ ሰው ከ3,000 ሜትር አልፏል፣ ራስ ዳሽን ደግሞ ከ4,500 በላይ ነው። አገሬ ነው ብላችሁ ውሉን ሳታነቡ አትሂዱ።

ስልኳን የሚፈልግ ኢንቦክስ ያድርግልኝ። ፈቃዷ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ነው፣ ሌላ ስቴት ያላችሁ ግን ደውላችሁ ጠይቋት፣ ካልቻለች አልችልም ትላለች። አውሮፓና ዓረብ አገር ያላችሁ በምትኖሩበት አገር ነው መግዛት ያለባችሁ። ስትሄዱ የቀብድ ደረሰኛችሁን፣ በየቀኑ የምታድሩበት ቦታ ከነከፍታው የተጻፈበትን ፕሮግራምና የምትወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር ያዙ። ቅዳሜ ቢሮዋ ይጨናነቃል፣ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ጊዜ ሰጥታ ታነጋግራችኋለች።