ኤሮሼል ደብሊው 100 እና ሞቢል ጄት ኦይል 2፦ ዘይት የሚበላ ሞተርና የማይበላ ሞተር

እነዚህ ሁለት የአውሮፕላን ሞተር ዘይቶች አይተካኩም፤ ደብሊው 100 የፒስተን ሞተር፣ ጄት ኦይል 2 የተርባይን ሞተር ነው። ጎን ለጎን የምናያቸው «ሞተሩ ዘይት በላ» የሚለው ቅሬታ በሁለቱም ላይ ስለሚነሳና መልሱ ግን ፈጽሞ ስለሚለያይ ነው።

ደብሊው 100 ማዕድናዊ ዘይት ሲሆን ውፍረቱ ኤስኤኢ በሚባለው የዘይት ደረጃ 50 ነው። ስሙ ላይ ያለው «ደብሊው» እንደ መኪና ዘይት ክረምትን አያመለክትም፤ ቆሻሻን አንሳፎ የሚይዝ፣ ሲቃጠል አመድ የማይተው ቅመም እንዳለበት የሚነግር ምልክት ነው። ቅመሙ በጣም ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም በፒስተን ሞተር ውስጥ ዘይቱ እሳቱን ይነካል። ቀለበቶቹ የሲሊንደሩን ግድግዳ ሲጠርጉ ስስ ሽፋን ይቀራል፣ እሱም ይቃጠላል። በቫልቭ መምሪያዎች በኩል ይሰርጋል፤ በቀለበቶቹ ሾልኮ የሚወርደው ጋዝም የዘይት ጤዛውን በመተንፈሻ ቱቦው ይዞት ይወጣል። ስለዚህ ጤነኛ ፒስተን ሞተርም ዘይት ይበላል።

ስንት ይብላ? የፒስተን ሞተር አምራቹ ላይካሚንግ ጣሪያውን በቀመር ይሰጣል፦ የፈረስ ጉልበቱን በ0.006 እና በ4 አባዝቶ ለ7.4 ማካፈል። ባለ 180 ፈረስ ጉልበቱ የላይካሚንግ ኦ-360 ሞተር በሰዓት 0.58 ኳርት ይደርሰዋል፤ ከግማሽ ሊትር በላይ ማለት ነው። በደህና ይዞታ ላይ ያለ ሞተር ግን እዚህ ቁጥር አጠገብ አይደርስም። የዚህ ሞተር ቋት 8 ኳርት ይይዛል፤ እስከ አፉ ከተሞላ የመጀመሪያው ኳርት ብዙ ጊዜ በመተንፈሻው ወጥቶ የአውሮፕላኑን ሆድ ያጨማልቃል። ይህ ፍጆታ ተብሎ መመዝገብ የለበትም። 6 ወይም 7 ላይ ተይዞ ይለካ።

ደብሊው 100 አየሩ ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነበት ቦታ አዘውትሮ ለሚበር ሞተር እጅግ ጥሩ ነው። በብርድ ይወፍራል፣ ሲነሳም ቶሎ አይደርስም። አዲስ ሲሊንደር ሲገባ ደግሞ እሱን አስቀምጦ ቅመም የሌለውን ኤሮሼል 100 መጠቀም ይሻላል፤ ፍጆታው እስኪረጋ ወይም 50 ሰዓት እስኪሞላ። በዚያ ወቅት ሞተሩን በዝቅተኛ ኃይል ማለማመጥ ትልቅ ስህተት ነው፦ ቀለበቶቹ ግድግዳውን በደንብ ሳይጫኑት ይቀራሉ፣ ዘይቱ ተጋግሮ መስታወት የመሰለ ሽፋን ይሠራል፣ ሞተሩም ከዚያ በኋላ ዘይት መብላቱን አይተውም። መፍትሔው ሲሊንደሩን አውርዶ እንደገና መሞረድ ነው።

ሞቢል ጄት ኦይል 2 ሰው ሠራሽ የኤስተር ዘይት ነው። በ100 ዲግሪ ሙቀት ውፍረቱ 5 ሴንቲስቶክ ገደማ ነው፤ ደብሊው 100 ከሦስት እጥፍ በላይ ይወፍራል። ይህን ያህል ቀጭን ሆኖ የማይበላው እሳቱ ዘንድ ስለማይደርስ ነው። ኩሽኔታዎቹን አቀዝቅዞ ይመለሳል፤ ዘይቱ እንዳያመልጥ በሚከለክሉት ሲሎች ላይ ደግሞ ከኮምፕሬሰሩ (አየር ከሚጨምቀው ክፍል) የሚመጣ አየር ከውጭ ወደ ውስጥ ይገፋል። የሚጠፋው አየርና ዘይት ከሚለየው ክፍል ያመለጠ ጤዛ ብቻ ነው። በኪንግ ኤር ቢ200 አውሮፕላን ላይ ያለው ባለ 850 ፈረስ ጉልበት ፒቲ6ኤ-42 ተርባይን ገደቡ በ10 ሰዓት 1 ኳርት ነው።

ፒቲ6ኤ ላይ ሐሰተኛ ፍጆታ የሚመጣው ከአለካክ ነው። ሞተሩ ከጠፋ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ መለካት አለበት። ከቆየ ዘይቱ ከታንኩ ወደ ማርሽ ሳጥኑ ይወርዳል፣ መለኪያው ዝቅ ብሎ ያሳያል፣ ሰውም ይጨምርበታል፤ ትርፉ በሚቀጥለው በረራ በመተንፈሻው ይወጣል።

የዘይቱ ድክመቶች፦ ቀለምና አንዳንድ ላስቲክ ይጎዳል፣ ትራይክሬሲል ፎስፌት የተባለ ቅመም ስላለበት ቆዳ ላይ መቆየት የለበትም፣ እርጥበት ስለሚስብም የተከፈተ ጣሳ ለነገ አይቀመጥም። በጣም ሞቃት በሆኑ ሞተሮች ውስጥ የከሰል ክምችት ካስቸገረ፣ የሞተሩ አምራች ከፈቀደ፣ ሞቢል ጄት ኦይል 254 ይመረጣል።

ፍጆታው በድንገት ሲለወጥ ዘይት መቀየር አያድንም። ፒስተን ላይ የመጭመቅ ኃይል ይለካ፣ ካንዴላዎቹ ዘይት ነክቷቸው እንደሆነ ይታይ፣ ፊልትሮው ተቀዶ ብረት ይፈለግበት። ተርባይን ላይ ሲነሳ የሚታይ ጭስና ካቢን ውስጥ የሚሸት ዘይት ወደ ሲል ያመለክታሉ። የዘይቱ መጠን ሳይጨመርበት ከፍ ካለ ደግሞ ነዳጅ ገብቶበታል፤ ተርባይን ከሆነ ዘይትና ነዳጅ ሙቀት የሚለዋወጡበት ክፍል፣ ፒስተን ከሆነ በሞተሩ የሚዞረው የነዳጅ ፓምፕ እስኪፈተሽ አውሮፕላኑ አይነሳ።