በቱሉ ዲምቱ የሚገኝ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ፦ ውሻና ድመት ለሚያሳድግ ሰው ምን ይጠቅማል?

በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ በሚያስገባው መንገድ ዳር፣ ሰሌዳው ላይ «የእንስሳት ክሊኒክና መድኃኒት ቤት» ከሚል ጽሑፍ በቀር ሌላ መጠሪያ የሌለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት አለ። ውሻዬንም ድመቴንም የማሳክመው እዚያ ነው። በዚህ አካባቢ ውሻ ወይም ድመት ለማሳደግ ያሰበ ሰው እንስሳውን ከማምጣቱ በፊት ወደዚህ ቤት ጎራ ቢል ከብዙ ወጪና ከብዙ ሐዘን ይድናል ብዬ አምናለሁ። ጉድለቶቹንም ሳልሸፋፍን የምጽፈው አገልግሎቱ ለአካባቢያችን እጅግ አስፈላጊ ስለሆነና እንዲሻሻልም አጥብቄ ስለምፈልግ ነው።

ወደ ክሊኒኩ የሚመጣው ባለጉዳይ ሰፈሩን ራሱን ይመስላል። ማለዳ ላይ አብዛኛው ተራ ጠባቂ በሬው መኖ እምቢ ያለበት ወይም ላሙ መውለድ ያቃታት ገበሬ ነው፤ ቀጥሎ ዶሮ የሚያረቡ ወጣቶች፣ ረፋዱ ላይ ደግሞ ቡችላ ያቀፉ ልጆችና ድመት በዘንቢል የያዙ እናቶች ይደርሳሉ። ሐኪሙ ቢሾፍቱ ከሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የተመረቁ ሲሆን፣ ገበሬውን በኦሮምኛ፣ የኮንዶሚኒየሙን ነዋሪ በአማርኛ እያነጋገሩ ሁሉንም በተራው ያስተናግዳሉ። ቡችላ ያቀፈው ልጅ በሬ ካመጣው አዛውንት ያነሰ ክብር አይሰጠውም። ይህን የምለው ውሻ ታመመብኝ ብሎ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው በየቦታው እንደ ቅንጡ ስለሚታይ ነው።

ክትባት ሲሰጥ ቆሞ ያየ ሰው የቤቱን ጥንቃቄ ይረዳል። የክትባት ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህን ጠብቆ ማቆየት ቀላል ሥራ አይደለም። በፍሪጁ በር ላይ አንድ ሰንጠረዥ ተለጥፏል፤ ረዳቷ ጠዋትና ማታ የሙቀት መለኪያውን አይታ ቁጥሩን በእስክሪብቶ ትሞላበታለች። መብራት ከጠፋ ብልቃጦቹ በረዶ ወደተሞላ የክትባት ሣጥን ይዛወራሉ። ሐኪሙ ብልቃጡን ሲያወጡ መጀመሪያ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ለባለቤቱ ያሳያሉ፤ ዱቄቱን በፈሳሹ አሟሙተው የቡችላውን የማጅራት ቆዳ በሁለት ጣት አንሥተው ይወጋሉ፤ በመጨረሻም ብልቃጡ ላይ ያለችውን ትንሽ ወረቀት ልጠው በክትባት ካርዱ ላይ ይለጥፏታል። ክትባት በየቦታው በሚሸጥበት ከተማ፣ የተወጋው ነገር ምን እንደሆነና በምን ሁኔታ ተጠብቆ እንደቆየ ባለቤቱ በዓይኑ እንዲያይ መደረጉ ለእኔ የዚህ ክሊኒክ ትልቁ ጥንካሬ ነው።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ የእብድ ውሻ በሽታን የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም። በሽታው በሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈውም 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ አማካይነት ነው። በሌላ በኩል በክትባት ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ስለዚህ ውሻውን የሚያስከትብ ሰው የሚጠብቀው የራሱን ልጆች ብቻ ሳይሆን መንገድ ላይ የሚጫወቱትንም ልጆች ነው። ሐኪሙ ለእያንዳንዱ የውሻ ባለቤት የሚደግሙት ምክርም አለ፦ የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን ይጀምር። ጠበል መጠመቅ የሚሻውን ሰው አይቃወሙትም፤ «ጠበሉም ይቀጥል፣ ክትባቱ ግን ዛሬ ይጀመር» ይሉታል። ቫይረሱ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል እስኪደርስ ድረስ ያለው ጊዜ ብቻ ነው የመዳኛው ዕድል፤ ያንን ጊዜ ማባከን ሕይወትን ያሳጣል።

ከሕክምናው በላይ ያስደነቀኝ ግን ምክሩ ነው። አንድ ቀን ተራዬን እየጠበቅሁ ሳለ አንድ አባት ለልጆቻቸው ቡችላ ሊገዙ ማሰባቸውን ተናግረው የትኛው ዝርያ እንደሚሻል ጠየቁ። ሐኪሙ ስለ ዝርያ ከመናገራቸው በፊት፣ «ጋሼ፣ ቀን ቀን ቤት የሚውል ሰው አለ?» አሏቸው። «ሠራተኛዋ አለች።» «እሷስ ውሻ ትወዳለች?» አባትየው ዝም አሉ። ሐኪሙም ጥያቄያቸውን ቀጠሉ፦ ግቢው የግል ነው ወይስ የጋራ? ጎረቤት ውስጥ ሕፃን ወይም የታመመ ሰው አለ? ክፍለ ሀገር ስትሄዱ ማን ያበላዋል? ቤተሰቡ ሙስሊም ከሆነ የውሻ ለሃጭ የሶላት ልብስና ቦታ እንዳይነካ ምን ታስቧል? ውሻ በአማካይ ከ10 እስከ 13 ዓመት ይኖራል፤ ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ያለው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ውሻው አርጅቶ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የሚሆነው። ቡችላ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን አይነግርም፤ ክሊኒኩም እያንዳንዱ ቡችላ ገቢ ሆኖ ሳለ ገዢውን ቆም ብሎ እንዲያስብ ማድረጉ ሊመሰገን ይገባዋል።

የማሳደጉ ጥቅም በእኛ አካባቢ ለማንም ግልጽ ነው። ሌሊት ጅብ እስከ ግንብ አጥራችን ድረስ ይመጣል፤ የግንባታ ብረትና የመኪና ጎማም ይሰረቃል፤ ንቁ ውሻ ያለው ግቢ ውስጥ የሚያድር ሰው እንቅልፉን ይተኛል። ከእኛ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ድመት ካመጡ ወዲህ ማለዳ የሚነሡበት ምክንያት እንዳገኙ ራሳቸው ይናገራሉ፤ አይጡም ከነዘሩ ጠፍቷል። ጉዳቱም ያንኑ ያህል እውነት ነው። ቀን ከሌት በአጭር ሰንሰለት የታሰረ ውሻ ጠባቂ አይሆንም፤ ጥላ ባየ ቁጥር የሚጮኽ፣ ከተፈታም የሚናከስ ይሆናል፤ ጎረቤትም ከጎረቤት የሚቀያየመው በዚሁ ነው። ሐኪሙ የታሰረ ውሻ ሲመጣላቸው የአንገቱን ቁስል ለባለቤቱ በእጃቸው እያሳዩ፣ ቀን በተዘጋ ግቢ እንዲለቀቅ፣ ሌሊት ደግሞ ጅብ ሊገባበት በማይችል ቤት እንዲያድር ይመክራሉ።

መንገድ ዳር በእጅ ተይዘው ስለሚሸጡት ቡችሎች የሚሰጡት ማስጠንቀቂያ በተለይ ሊነበብ ይገባዋል። ቡችላ ከእናቱ ሥር ቢያንስ 8 ሳምንት መቆየት ሲገባው ብዙዎቹ ጡት ሳይጥሉ «የጀርመን ሼፐርድ ክልስ» እየተባሉ ይሸጣሉ፤ ከዚያም በሳምንቱ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይዟቸው ይመጣሉ። ይህ በአብዛኛው ፓርቮ የሚባለው በሽታ ነው፤ በ1978 እ.ኤ.አ. የታወቀው ይህ ቫይረስ በአፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም እስከ ዓመት ይቆያል፤ ስለዚህ በፓርቮ ቡችላ የሞተበት ግቢ ወዲያው ሌላ ያልተከተበ ቡችላ ማስገባት ሁለተኛ ሞት መጋበዝ ነው። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ተጀምሮ ቡችላው 16 ሳምንት እስኪሞላው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገማል፤ ከእናት የተወረሰው መከላከያ የመጀመሪያውን ክትባት ሊያከሽፈው ስለሚችል አንዴ ብቻ ማስከተብ በቂ አይደለም።

ስለ አመጋገብ የሚሰጡት ምክር ከእኛው ማእድ የተነሣ በመሆኑ ወድጄዋለሁ። የዶሮ ወጥ ትራፊ ለውሻ መስጠት ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ደግሞ እንደ ስንጥር ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። በዐቢይ ጾም ቤተሰቡ በሽሮ ሲውል ውሻ ከእንጀራ ጋር ትንሽ የልኳንዳ ቁርጥራጭ ተቀቅሎ ከተጨመረለት ደህና ይሰነብታል። ድመት ግን ከዚህ ትለያለች፤ ታውሪን የሚባለውን ከሥጋና ከዓሣ የሚገኝ ንጥረ ነገር ካላገኘች ዓይኗና ልቧ ይታመማሉ፤ ስለዚህ ሁለቱን የጾም ወራት በጾም ምግብ ብቻ እንድታሳልፍ ማድረግ አይገባም። ለራስ ምታት የምንውጠው ፓራሲታሞል ለድመት ገዳይ መርዝ መሆኑም በመድኃኒት መሸጫው መስኮት ላይ በትልቁ ተጽፏል።

ከፋሲካና ከዕንቁጣጣሽ በፊት እዚያው መስኮት ላይ ሌላ ማስታወቂያ ይለጠፋል። በግ በየቤቱ ሲታረድ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ያለበትን ሳንባና ጉበት ለውሻ መጣል ልማዳችን ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያለው በውሻው አንጀት ውስጥ ጥቃቅን የኮሶ ትሎች ይሆናል፤ እንቁላላቸውም ከዓይነ ምድሩ ወደ ልጆች እጅና አፍ ይገባና በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ለዓመታት የሚያድግ እጢ ያስከትላል። ማስታወቂያው የሚለው አጭር ነው፦ እንዲህ ያለውን ሳንባና ጉበት በጥልቅ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ፤ ውሻችሁንም ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የኮሶ ትል መድኃኒት አስውጡ። ነፍሰ ጡር ሴት ያለችበት ቤት ድመት ካለ የሚነገረውም እንደዚሁ ግልጽ ነው። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተህዋስ ከድመት ዓይነ ምድር የሚተላለፈው ከ1 እስከ 5 ቀን ከቆየ በኋላ ስለሆነ ሣጥኑ በየቀኑ ይጸዳ፤ የሚያጸዳውም ሌላ ሰው ይሁን። ድመቷን ማባረር አያስፈልግም። ይኸው ተህዋስ በጥሬ ሥጋም ስለሚተላለፍ ነፍሰ ጡሯ ከክትፎም መቆጠብ አለባት፤ ድመቷን ብቻ የሚከስ ሰው ይህን ይርሳ ዘንድ አይገባም።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልምጣ። ዋናው የመጠባበቂያ ክፍሉ ነው። አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ስላለ በፓርቮ የተጠረጠረ ቡችላና ለመጀመሪያ ክትባት የመጣ ጤናማ ቡችላ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ቫይረሱ በጫማ ሥር እንኳ የሚሄድ መሆኑን ያስተማረን ይኸው ክሊኒክ ሆኖ ሳለ ይህን በቸልታ ማለፉ ያሳዝነኛል። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ የሚያስመልሰውና የሚያስቀምጠው ቡችላ በጓሮ በር እንዲገባ ማድረግና ወለሉን በበረኪና ማጠብ ይበቃል። ሁለተኛው ጉድለት በመድኃኒት መሸጫው በኩል ነው፤ እንስሳው ሳይመረመር በአፍ የተነገረ ምልክት ብቻ ተሰምቶ አንቲባዮቲክ ሲሸጥ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ይህ መድኃኒቱ ነገ ለሰውም ለእንስሳም እንዳይሠራ ስለሚያደርግ በሐኪም ማዘዣ ብቻ መሸጥ አለበት። ሦስተኛ፣ ሌሊትና እሑድ ዝግ ነው፤ መኪና የገጨው ውሻ ቅዳሜ ማታ ቢጎዳ እስከ ሰኞ መጠበቅ ግድ ይሆናል። የራጅ መሣሪያም ስለሌለ ለአጥንት ስብራት ቢሾፍቱ ወደሚገኘው የኮሌጁ ሆስፒታል ይልካሉ፤ ይህን ግን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም፤ የማይችሉትን አንችልም ማለታቸው ለእንስሳውም ለባለቤቱም ይበጃል።

ዋጋው ግድግዳ ላይ አለመለጠፉም ቅር ያሰኛል። የምርመራው ክፍያ ለማንኛውም ደመወዝተኛ የሚቻል ነው፤ ከውጭ የሚገቡት ክትባቶች ግን የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተተወ ወዲህ በየጊዜው ስለሚጨምሩ፣ ባለጉዳዩ ተራ ጠብቆ ከገባ በኋላ ነው ዋጋውን የሚሰማው። ስልክ ደውሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል፤ ረዳቷም በትሕትና ትነግራለች። ውሻና ድመት የሚመጣበት ምቹ ሰዓት ከብት ያመጡት ገበሬዎች ከሄዱ በኋላ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ድመት ክዳን ባለው ዘንቢል ወይም ቀዳዳ በተበጀለት ካርቶን፣ ውሻ ደግሞ በማሰሪያና በአፍ መሸበቢያ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ የቀድሞ የክትባት ካርድ ካለም አብሮ መያዝ አለበት።