ለድርጅት ሪሞት ዴስክቶፕ፦ ነፃው ይሻላል ወይስ የሚከፈልበት?

ሪሞት ዴስክቶፕ ማለት አንድን ኮምፒውተር ከሩቅ ሆኖ ለመክፈትና ለማዘዝ የሚያስችል ፕሮግራም ነው። ነፃው እያለ ለምን እንከፍላለን? ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ ነፃ የሚባሉት ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው።

ቲምቪወርንና ኤኒደስክን ማንም በነፃ አውርዶ ይጭናቸዋል። ነፃነታቸው ግን ለግል ጥቅም ብቻ ነው። የእናታችሁን ላፕቶፕ ከሩቅ ብታስተካክሉ የሚጠይቃችሁ የለም። ለመሥሪያ ቤት ሥራ ከሆነ ግን ውሉ ይከለክላል፤ ሲስተሙ የንግድ አጠቃቀም ነው ብሎ ከጠረጠረ ደግሞ ግንኙነቱን ይቆርጥባችኋል፣ ያውም ደንበኛው ስልክ ይዞ እየጠበቃችሁ። ስለዚህ እነዚህን ሁለቱን ለድርጅት «ነፃ» ብዬ አልቆጥራቸውም።

በትክክል ነፃ የሆኑትስ? ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ ቀላል ነው፤ የጉግል አካውንትና ቢያንስ ባለ 6 አሃዝ ፒን ይበቃዋል። ከቤት ሆነው የራሳቸውን ኮምፒውተር ለሚከፍቱ ጥቂት ሰዎች አሪፍ ነው። ግን ሠራተኛው በግል አካውንቱ ካገናኘው፣ ሥራ ሲለቅ መግቢያውን ይዞት ይሄዳል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የዊንዶውስ የራሱ ሪሞት ዴስክቶፕም አለ። ሆም የሚባለው ዊንዶውስ ሌላ ሰው እንዲገባበት አይፈቅድም፣ ፕሮ ያስፈልጋል። ፍጥነቱን በጣም እወደዋለሁ። ግን እባካችሁ ፖርት 3389ን፣ ማለትም ይሄ ፕሮግራም ግንኙነት የሚቀበልበትን የኔትወርክ በር፣ ለኢንተርኔት ክፍት አታድርጉ! ሰርጎ ገቦች ቀን ከሌት የሚያስሱት በር ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ብሉኪፕ የተባለው ክፍተት በአንዳንድ የቆዩ ዊንዶውሶች ላይ ፓስዎርድ እንኳ ሳይጠይቅ ያስገባ ነበር። በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ብቻ ይሁን።

ከነፃዎቹ የእኔ ምርጫ ረስትዴስክ ነው። ኮዱ ክፍት ነው (ማንም ሊያየው ይችላል)፣ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘውን ሰርቨርም ራሳችሁ ጋ መትከል ትችላላችሁ። ታዲያ ሰርቨሩን የሚያዘምን፣ ሲወድቅ የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል፤ የዚያ ሰው ሰዓት ደግሞ ገንዘብ ነው። የአይቲ ባለሙያ ከሌላችሁ አትጀምሩት።

ስትከፍሉ የምታገኙት ዋናው ነገር ቁጥጥር ነው። ማን፣ መቼ፣ የትኛው ኮምፒውተር ላይ እንደገባ መዝገቡ ይቀመጣል። የለቀቀን ሠራተኛ መግቢያ በአንዴ ትዘጋላችሁ። ብዙ ማሽን ላይ በአንድ ጊዜ ይጫናል፣ ሲበላሽም የምትጠይቁት ሰው አለ። የደንበኞችን ኮምፒውተር የምትጠግኑ ከሆነ ያለማመንታት ክፈሉ፤ በሰው ማሽን ላይ ገብታችሁ የሠራችሁትን ማሳየት ካልቻላችሁ አንድ ቀን ጣጣ ይመጣል።

መክፈል ግን ደኅንነትን አይገዛም። በ2024 እ.ኤ.አ. ኤኒደስክም ቲምቪወርም ሲስተማቸው ውስጥ ሰርጎ ገብ እንደገባባቸው ራሳቸው አሳውቀዋል። የትኛውንም ብትመርጡ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከፓስዎርድ በተጨማሪ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) ለሁሉም አብሩ።

ዋጋውን ስታዩ አቆጣጠሩን ጠይቁ። አንዱ በቴክኒሻን ብዛት ያስከፍላል፣ ሌላው በአንድ ጊዜ በሚከፈት ግንኙነት፣ ሌላው በማሽን። አምስት ቴክኒሻን ኖሯችሁ ሁለቱ ብቻ በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ከሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ውሉ በራሱ የሚታደስ መሆኑንና ለማቋረጥ ስንት ቀን ቀድሞ ማሳወቅ እንደሚያስፈልግም አንብቡ።

ከመፈረማችሁ በፊት የሙከራ ጊዜውን ተጠቀሙበት፣ እሱንም ኢንተርኔቱ ደካማ በሆነው ማሽንና ሁለት ስክሪን በሚጠቀመው ሠራተኛ ላይ ሞክሩት።